ሽጉጡ አራተኛው ጥያቄ ነው፦ ለቤት የመጀመሪያ መሣሪያ እንዴት ይመረጣል?

በዋሽንግተን ዲሲ ጥበቃ ሠርቶ የሚያውቅ ሐበሻ የዲክ ሄለርን ታሪክ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሄለር የጥበቃ ሠራተኛ ነበር። በሥራ ሰዓቱ ሽጉጥ ታጥቆ የመንግሥት ሕንፃ ይጠብቃል፤ ቤቱ ግን ሽጉጥ ማስቀመጥ አይችልም። ከተማዋ በ1976 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣችው ሕግ ነዋሪው አዲስ ሽጉጥ እንዳያስመዘግብ ከልክላ ነበር። ሄለር ከሰሰ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘልቆ ጁን 26 ቀን 2008 ዳኞቹ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ፈረዱለት።

ፍርዱ የመለሰው «ይፈቀዳል ወይ?» የሚለውን ነው። ዛሬ በሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ ራት ላይ የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «የጎረቤት በር ተሰብሯል፤ እኛስ አንድ ነገር ብንይዝ? ምን እንግዛ?» ብዙ ሰው ከዚህ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ሱቅ ይሄዳል፤ ሻጩም መስታወቱ ሥር ያለውን እያወጣ ያሳየዋል። እኔ ግን ሽጉጡ አራተኛው ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። ሕጉ ለማን ይፈቅዳል? ቤቱ ውስጥ ማን ማን አለ? መሣሪያው ሌሊት የት ያድራል? እነዚህ ሦስቱ ከተመለሱ «የትኛው?» የሚለው ያን ያህል አያስቸግርም።

ከሕጉ ልጀምር፤ እኛን ከሌላው ገዢ የሚለየን እሱ ነውና። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ እንደ ዜጋ መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ ልዩ ሁኔታ ከሌለው በቀር፣ መግዛትም መያዝም አይፈቀድለትም፤ የመኖሪያ ወረቀት የሌለውም እንዲሁ። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያላለቀ ሰው ጠበቃውን ሳያማክር መሣሪያ አይንካ። የመሣሪያ ጥፋት እስር ብቻ አይደለም፤ ከአገር ሊያስባርርም ይችላል። ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የእኛ ነገር አለ፦ «አንተ ወረቀት አለህ፣ ግዛልኝ» የሚባለው። በሌላ ሰው ገንዘብ ለሌላ ሰው እየገዙ ቅጹ ላይ «ለራሴ ነው» ብሎ መፈረም ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ነው። ይሉኝታ እዚህ ላይ ብዙ ያስከፍላል።

ፈቃድ ካለው ሻጭ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ገዢው ቅጽ 4473 የሚባለውን ይሞላል፤ ስሙም ከ1998 ጀምሮ በሚሠራው የፌዴራል ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ስለ ማሪዋና ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ተፈቅዶ በየሱቁ ይሸጣል፤ የፌዴራሉ ቅጽ ግን ይህን አይቆጥረውም። በትዳር ጠብ እጁን አንስቶ የተፈረደበት ሰውም፣ ቅጣቱ ቀላል ቢሆን እንኳ፣ ከ1996 ወዲህ መሣሪያ ሊይዝ አይችልም። ሽጉጥ የሚገዛው በሚኖሩበት ግዛት ነው፤ የሜሪላንድ ነዋሪ ቨርጂኒያ ሄዶ ገዝቶ መመለስ አይችልም። በዲሲ ፖሊስ ዘንድ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ሽጉጥ ይዞ ክልል መሻገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ቨርጂኒያ ላይ ሕጋዊ የነበረው ሽጉጥ የ14ኛውን መንገድ ድልድይ ተሻግሮ ዲሲ ሲደርስ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ኡበርም ሆነ ሊፍት ሾፌር መሣሪያ ይዞ እንዳይሠራ ይከለክላሉ። ስለዚህ የምናወራው ከቤት ስለማይወጣ መሣሪያ ነው።

አሁን ወደ ብረቱ። አንድ ሙሉ ጥይት ቀለህ፣ በቀለሁ ውስጥ ባሩድ፣ ከፊት አረር፣ ከመቀመጫው መሐል ደግሞ ሲመታ እሳት የሚጭር ትንሽ ክብ ነው። ቃታ ሲሳብ መርፌው ያንን ክብ ይመታል፤ ባሩዱ ነድዶ ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ጋዙ መውጫ ፍለጋ አረሩን ይገፋዋል። በአፈሙዙ ውስጥ የተፈለፈለው ጠመዝማዛ ቦይ አረሩን እንደ እንዝርት ስለሚያሾረው ሳይገለባበጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የተለመደው የ9 ሚሊሜትር አረር ክብደቱ 8 ግራም ገደማ ነው፤ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 350 ሜትር ይደርሳል፤ ከድምፅ ይቀድማል ማለት ነው።

ስድስት ጎራሹ፣ ሪቮልቨር የሚባለው፣ ጥይቶቹን በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ይይዛል፤ ቃታ በተሳበ ቁጥር በርሜሉ አንድ እርምጃ ይዞራል። ጥይት የሚደረደርበትን ካርታ የሚጎርሰው ሽጉጥ ግን የተኩሱን ጉልበት ይጠቀምበታል፦ ከላይ ያለው ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ይወረወራል፣ ባዶውን ቀለህ ይተፋል፣ ሲመለስ ከካርታው አዲስ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል። ይህ አሠራር ሰው የሚሞትበትን አንድ ስህተት ስለሚያብራራ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ካርታው ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። አንዷ ጥይት ቀድሞ ጎርሳለች፤ አፈሙዙ ሥር ተቀምጣለች። «ባዶ መስሎኝ ባረቀብኝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ እሷ ናት። ሽጉጡን ባዶ የማድረጉ ቅደም ተከተልም ራሱን የቻለ ነገር ነው፦ መጀመሪያ ካርታውን ማውጣት፣ ቀጥሎ ተንሸራታቹን ስቦ የጎረሰችውን ማስወጣት፣ ከዚያ ቀዳዳውን በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ። አገላብጦ መጀመሪያ አቀባብሎ ኋላ ካርታውን ያወጣ ሰው አንዷን አስወጥቶ ሌላዋን አጉርሷል። እንደ ግሎክ ያሉ ሽጉጦች ለማጽዳት ሲፈቱ ቃታ መሳብ ስለሚጠይቁ ይህ ስህተት ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ቤተሰብ ተቀምጦ ሳለ ይደርሳል። አፈሙዙ ሁልጊዜ ሰው ወደሌለበት፣ ጣትም እስኪተኮስ ድረስ ከቃታው ውጭ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሱቅ ውስጥ ለሴት ገዢ ትንሿን፣ የምታምረውን ሪቮልቨር ማቅረብ የተለመደ ነው። መጥፎ ምክር ነው። ሽጉጥ በቀለለ መጠን ይራገጣል፤ ምቱን የሚያበርደው ክብደቱ ነው። የሪቮልቨር ቃታ ለመሳብ 5 ኪሎ ገደማ ጉልበት ሊጠይቅ ይችላል፤ የአብዛኞቹ ካርታ ጎራሾች ግማሹን ያህል ነው። አፈሙዙ ባጠረ ቁጥርም ዒላማ መምታት ይከብዳል። ትንሽ ሽጉጥ የተሠራው ደብቆ ለመያዝ ነው፤ ቤት ለሚቀመጥ መሣሪያ መደበቁ ምን ይረባል? በሌላ በኩል ጣቱ ቁርጥማት ያለበት ሰው ተንሸራታቹን ስቦ ማቀባበል ሊያቅተው ስለሚችል፣ ለእሱ ወፍራምና ከባድ ሪቮልቨር ትክክለኛው ሊሆን ይችላል። ይህ በእጅ ተይዞ እንጂ በፎቶ አይታወቅም።

ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው መካከለኛ መጠን ያለው የ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ነው። ይህን ጥይት የጀርመን ባሕር ኃይል በ1904 ተቀበለው፤ ዛሬ በየትኛውም ሱቅ ይገኛል፣ ከሌሎቹ የሽጉጥ ጥይቶች ሲነጻጸርም ርካሽ ነው። ርካሽ መሆኑ ደግሞ ለመለማመድ ያስችላል። የኦስትሪያው ግሎክ 19 ባዶውን 600 ግራም ገደማ ይመዝናል። ካርታው 15 ጥይት ቢይዝም ሜሪላንድ ውስጥ የሚሸጠው ከ10 በማይበልጥ ነው። የሌሎች ስመ ጥር ፋብሪካዎች እኩያዎቹም ያው ናቸው፤ በእጅዎ የተመቸውን ይያዙ።

ሾትጋንስ? ብዙ የሚወራለት እሱ ነው። የአፈሙዙን ስፋት የሚያመለክተው ቁጥር መጀመሪያ ያደናግራል፦ 12 የሚባለው ከ20ው ይወፍራል። ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ለአፈሙዙ ልክ የሆኑ 12 ድቡልቡሎች ይወጣሉ ማለት ስለሆነ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። «ሾትጋን መነጣጠር አይፈልግም፣ ክፍሉን ሙሉ ይረጫል» የሚባለው ግን ሐሰት ነው። በመኝታ ክፍል ርዝመት ፍንጣሪዎቹ ከእጅ መዳፍ ብዙም አይሰፉም፤ የሳተ ሰው ሙሉ በሙሉ ስቷል። ረጅም መሣሪያ ሁለት እጅ ይጠይቃል፤ 911 የሚደውለው፣ ሕፃኑን የሚያቅፈው በየትኛው እጁ ነው? «ሲቀባበል ድምፁ ሌባ ያባርራል» የሚሉም አሉ። ሌባው ላይሸሽ ይችላል፤ የት እንዳሉ ግን በእርግጥ ያውቃል።

አገር ቤት በክላሽ የሠለጠነ ወይም በአባቱ ምንሽር ያደገ ሰው ይህን ሁሉ ሊንቅ ይችላል። ተኩስ ያውቅ ይሆናል። የማያውቀው የአሜሪካን ግድግዳ ነው። ብሎኬትና ጭቃ ቤት ለለመደ ሰው የአፓርታማ ግድግዳ ግድግዳ ይመስላል እንጂ፣ በዚህና በዚያ 13 ሚሊሜትር የማይሞሉ ሁለት የጂፕሰም ቦርዶች፣ መሐሉ ባዶ ነው። የ9 ሚሊሜትር ጥይትም የሾትጋን ትልልቅ ፍንጣሪም ብዙ ግድግዳ በስቶ ያልፋል። ጫፉ ጎድጓዳ የሆነው ጥይት ሰውነት ውስጥ ሲገባ ይሰፋል፤ ጂፕሰሙን ግን እሱም ይበሳዋል። እንግዲህ ከመግዛትዎ በፊት አልጋዎ ላይ ተቀምጠው ወደ በሩ ያመልክቱ፦ ከበሩ ጀርባ ምን አለ? የልጆቹ ክፍል ከሆነ በዚያ አቅጣጫ ተኩስ የለም፤ የሚቆሙበት ቦታ ይቀየር፣ ወይም ሐሳቡ ይቀየር። ዕቅዱም ኮሪደር ለኮሪደር ሌባ ማሳደድ አይደለም። ቤተሰቡን አንድ ክፍል ሰብስቦ፣ በር ቆልፎ፣ 911 ደውሎ መቆየት ነው። ስልኩ ላይ «አማርኛ» ብለው አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ። መኪና ወይም ቴሌቪዥን ይዞ በሚሸሽ ሰው ላይ መተኮስ ራስን መከላከል አይባልም፤ ሕጉ የሚያየው የሕይወት አደጋን ነው።

ወደ ዋናው ደረስን፦ የት ያድራል? ትራስ ሥር፣ ፍራሽ ሥር፣ ቁምሳጥን አናት፤ ልጆች እነዚህን ቦታዎች ከወላጅ በፊት ያውቋቸዋል። የእኛ ቤት ደግሞ እንግዳ አያጣም። የክርስትና ቀን ያስቡ፦ የሰው ካፖርት ሁሉ የሚከመረው መኝታ ክፍል አልጋው ላይ ነው፤ የማን እንደሆኑ የማይታወቁ ስድስት ሕፃናት እዚያው ይጫወታሉ፤ ኮመዲኖው መሳቢያ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። በ2005 የወጣ የፌዴራል ሕግ ሽጉጥ የሚሸጥ ሻጭ መቆለፊያ አብሮ እንዲሰጥ ያዛል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በሽጉጡ ውስጥ የሚያልፍ ገመድ ነው፤ ለማስቀመጥ ጥሩ፣ ሌሊት በድንገት ለመክፈት ግን አስቸጋሪ። በምሥጢር ቁጥር የሚከፈት፣ ከግድግዳ ወይም ከአልጋ እግር ጋር በብሎን የታሰረ ትንሽ የብረት ሣጥን ይሻላል። በጣት አሻራ የሚሠራው እርጥብ ወይም ላብ ያለው ጣት ላይ ያመነታል። ከሽጉጡ ዋጋ ተቀንሶ ለሣጥኑ ቢጨመር ስህተት የለውም። ሜሪላንድ በ2023 ባጠበቀችው ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ የጎረሰ መሣሪያ ያስቀመጠ ሰው ይጠየቃል።

ሌላም ራት ላይ የማይነሳ ነገር አለ። በ2022 አሜሪካ ውስጥ በመሣሪያ የሞተው ሰው 48,204 ነው፤ ከእነዚህ 27,032ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። በር ሰብሮ የሚገባው ሌባ በሐሳባችን ግዙፍ ነው፤ መሣሪያው በብዛት የሚጎዳው ግን የቤቱን ሰው ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ጭንቀትና ድባቴ በዝምታ ይያዛል፤ «ደህና ነው፣ ደክሞት ነው» ይባላል። ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ መልሴ አጭር ነው፦ አይግዙ፤ ያለም ከሆነ ለጊዜው ከቤት ይውጣ። በ988 ሌት ተቀን የሚያነጋግር ሰው አለ። የቀረው ሌባ ብቻ ከሆነ ደግሞ የበሩን መቀርቀሪያ መቀበያ በረጃጅም ብሎኖች ከግድግዳው እንጨት ጋር ማሰርና ደጁን ማብራት ከሽጉጥ እጅግ ርካሽ ነው፤ ልምምድም አይጠይቅም።

ይህን ሁሉ አይተው ለመግዛት የቆረጡ ከሆነ ከሱቁ በፊት ትምህርቱ ይቅደም። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ ለሽጉጥ ገዢ ቅድመ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ለእሱም ቢያንስ የ4 ሰዓት ሥልጠናና የጣት አሻራ ያስፈልጋል። የተለያዩ ሽጉጦችን በኪራይ የሚያስተኩስ የመለማመጃ ቦታ ይፈልጉና ሦስት አራቱን ይሞክሩ፤ ጆሮዎን በደንብ ይሸፍኑ። በዓመት ጥቂት ጊዜ ተመልሰው ለመለማመድ ጊዜም ፍላጎትም ከሌለዎት ገንዘብዎን ይያዙ። ሜሪላንድ ውስጥ ሽጉጥ ከተከፈለበት በኋላም 7 ቀን ሳይሞላ አይረከቡትም፤ በዚያ ሳምንት ሣጥኑን ገዝተው ያስሩት።