ጣሳና ሚዛን በድሬዳዋ ገበያ

በድሬዳዋ ከተማ በቀፊራ ገበያ እህል፣ ዱቄትና ቅመማ ቅመም በጣሳ ተሰፍሮ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው። ነጋዴው ግን ያንኑ ዕቃ ከጅምላ ሻጭ የሚረከበው በኩንታል ነው። በ1955 ዓ.ም. የወጣው የሚዛንና የመለኪያ አዋጅ የሜትርን ሥርዓት በሕግ ካጸና ወዲህም ቢሆን ጣሳው ከገበያ አልወጣም። በክብደት ገዝቶ በስፍር የሚሸጥ ሰው የሁለቱን ዝምድና በሚገባ ካላወቀ፣ ትርፉ ሳይታወቀው በጣሳው አፍ ላይ ፈስሶ ይቀራል።

ክብደትና ስፍር ተስማምተው የሚገኙት በውኃ ነው፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። በዚያው አንድ ሊትር በሚይዝ ጣሳ ማር ቢሞላበት 1 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ፣ ማሽላ ቢሰፈርበት 750 ግራም ገደማ ይሆናል። የስንዴ ዱቄት ሳይጠቀጠቅ ቢፈስበት ደግሞ ከ550 ግራም ብዙ አይርቅም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ይኸው ዱቄት ነው። ጣሳው በጆንያው ውስጥ ተጠልቆ ሲወጣ፣ ወይም ሲነቀነቅ፣ ዱቄቱ ስለሚጠቀጠቅ ያው ጣሳ 650 ግራም ሊይዝ ይችላል። አንድ ኩንታል በ550 ግራም ቢሰላ 181 ጣሳ ይወጣዋል፤ በ650 ግራም ቢሰፈር ግን 153 ብቻ። ዋጋውን በ181 ጣሳ አስልቶ የወሰነ ባለሱቅ የ28 ጣሳ ዋጋ ከኪሱ ይከፍላል ማለት ነው። ደንበኛዋ የምትጠይቀው ምራቂ ገና አልተቆጠረም፤ ምራቂ የሚነፍግ ባለሱቅም ደንበኛ አያበዛም።

በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ፣ መቁጠር የለመደ የቡና ነጋዴም ቡናውን ቆልቶ በስፍር ለመሸጥ ቢያስብ ሒሳቡን እንደገና መጀመር አለበት። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ያጣል፤ ፍሬው ግን ያብጣል። ስለዚህ አንድ ሊትር ጥሬ ቡና 700 ግራም ገደማ ሲመዝን የተቆላው የዚያን ግማሽ ያህል ነው።

ለአስመጪዎች ዋነኛው ጉዳይ የምግብ ዘይት ነው። አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚይዘው 18 ኪሎ ከ400 ግራም ነው። 1,000 ሊትር ተረክቦ በመዝገቡ አንድ ቶን ብሎ የጻፈ ሰው 80 ኪሎ ያልነበረ ዘይት ጽፏል፤ ኋላም ጉድለቱን በመጋዘን ጠባቂው ላይ ያሳብብ ይሆናል። ሙቀትም ዘይትን ያሰፋዋል። በ20 ዲግሪ የተለካ 1,000 ሊትር በ35 ዲግሪ 10 ሊትር ያህል ጨምሮ ይገኛል፤ ክብደቱ ግን አይለወጥም። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት አገር ርክክቡ በኪሎ ቢደረግ ይመረጣል።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ባዶው ጣሳ ይመዘናል፤ ዕቃው ተሰፍሮ አፉ በእንጨት ይስተካከልና እንደገና ይመዘናል። ይህ አምስት ጊዜ ተደርጎ አማካዩ በወረቀት ላይ ተጽፎ በሚዛኑ አጠገብ ይለጠፋል። ዱቄቱ ከሌላ ፋብሪካ የመጣ እንደሆነ ወይም ጣሳው የተቀየረ እንደሆነ ግን የቀድሞው ወረቀት ተነሥቶ ሙከራው ይደገማል።