አሮጌ ኮምፒዩተር አልነሣ ሲል

ኮሞዶር 64 የተባለው የቤት ኮምፒዩተር የወጣው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. ነው። ሠሪው ድርጅት በ1994 ከስሮ ስለ ተዘጋ፥ የተቃጠለ ዕቃውን መተካት አስቸጋሪ ነው። እንግዲህ ከባሕር ማዶ በዘመድ እጅ የመጣላችሁ እንደ ሆነ፥ ቀዩ መብራት በርቶ ቴሌቪዥኑ ጥቁር ቢሆን፥ ኮምፒዩተሩን ለመፍታት አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ የሚከሰሰው እርሱ ነው፤ በዳዩ ግን አዳፕተሩ ነው። ይህ አዳፕተር ሲያረጅ 5 ቮልት መስጠት የሚገባው ከልኩ እያለፈ የሚሞሪ ቺፖቹን ያቃጥላል፤ ደጋግሞ ማብራትም ጉዳቱን ያበዛዋል። ስለዚህ አዳፕተሩ ከኮምፒዩተሩ ተለይቶ በቴስተር ይለካ፤ ከ5.25 ቮልት ቢያልፍ በአዲስ ይለወጥ። ለአሜሪካ የተሠራው ደግሞ የሚፈልገው 120 ቮልት ገደማ ነው፤ በከሚሴና በባቲ ግን፥ እንደ መላው ኢትዮጵያ፥ የሚመጣው 220 ነውና ያለ ትራንስፎርመር ፈጽሞ አይሰካ።