ፍርሃት የሚለመድበትም የሚበርድበትም የአንጎል በር

ፍርሃትን መልመድም ሆነ ከለመዱት ፍርሃት መላቀቅ በአንጎል ውስጥ በተመሳሳይ ኬሚካላዊ ሂደት ላይ እንደሚመሠረት በእንስሳት ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ያስረዳሉ። ይህ ግኝት አንድ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከመጠን ያለፈ ፍርሃት ለሚያሠቃያቸው ሰዎች ይጠቅም እንደሆነ ለመፈተን ምክንያት ሆኗል።

በላቦራቶሪ የሚከናወነው ሙከራ ቀላል ነው። አይጧ አንድ ድምፅ ስትሰማ በእግሯ ላይ መጠነኛ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይደርስባታል። ይህ ጥቂት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ድምፁ ብቻውን ሲሰማ እንኳ አይጧ ባለችበት ደርቃ ትቀራለች።

የድምፁና የሕመሙ መልእክቶች የሚገናኙት አሚግዳላ በተባለው የአንጎል ክፍል ነው። መልእክቱን ከአንዱ የነርቭ ሕዋስ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ግሉታሜት የተሰኘ ኬሚካል ሲሆን፣ በተቀባዩ ሕዋስ ላይ ደግሞ ኤንኤምዲኤ የሚባሉ ተቀባዮች ይገኛሉ። እነዚህ ተቀባዮች እንደ በር ናቸው። የሚከፈቱትም ግሉታሜት ሲደርሳቸውና ሕዋሱ በዚያው ቅጽበት በሌላ መልእክት ሲነቃቃ ነው። ድምፁና ሕመሙ ሲገጣጠሙ ካልሲየም በበሩ ይገባል፤ የሕዋሳቱም ግንኙነት ይጠነክራል። ቀጥሎም አዳዲስ ፕሮቲኖች ተሠርተው ለውጡን ያጸኑታል። ከዚያ በኋላ የድምፁ መልእክት ብቻውን ፍርሃትን ለመቀስቀስ ይበቃል።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ማይክል ዴቪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በድምፅ ፋንታ የብርሃን ምልክት ተጠቅመው እነዚህን ተቀባዮች በአሚግዳላ ውስጥ ሲያግዱ አይጦቹ አዲስ ፍርሃት መማር ተስኗቸዋል። ቀድሞ የተማሩትን ፍርሃት ማሳየታቸውን ግን አላቆሙም።

ምልክቱ ያለ ንዝረት በተደጋጋሚ ሲቀርብ ፍርሃቱ ቀስ በቀስ ይበርዳል። ይህ ግን መርሳት አይደለም። ጊዜ ሲያልፍ ወይም አይጧ ወደ ሌላ ስፍራ ስትወሰድ ፍርሃቱ ሊመለስ ይችላል። የቀድሞው ትዝታ ሳይጠፋ፣ ምልክቱ ከእንግዲህ እንደማይጎዳ የሚያስረዳ ሁለተኛ ትምህርት ይደረብበታል። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1992 እንዳሳዩት፣ ተቀባዮቹ ከታገዱ ይህም ትምህርት አይሳካም።

ዲ-ሳይክሎሰሪን የተባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ትኩረት የሳበው የእነዚህን ተቀባዮች ሥራ የሚያግዝ በመሆኑ ነው። በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 በቀረበ ጥናት መድኃኒቱን የወሰዱ አይጦች ፍርሃታቸው ፈጥኖ በርዷል። ልምምዱን ያላደረጉት አይጦች ግን ከመድኃኒቱ ያገኙት ጥቅም አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ከፍታን የሚፈሩ 28 ሰዎች በኮምፒውተር በተፈጠረ ከፍታ ላይ ሁለት ጊዜ ልምምድ አድርገዋል። ከልምምዱ በፊት መድኃኒቱን የወሰዱት፣ የመድኃኒትነት ይዘት የሌለው እንክብል ከተሰጣቸው የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል።

ይሁንና ተስፋው በጥንቃቄ መታየት ያለበት ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የ21 ጥናቶችን መረጃ በአንድነት የመረመረ ሥራ የመድኃኒቱ ተጨማሪ ጥቅም አነስተኛ መሆኑን አመልክቷል። ፍርሃቱ ሳይበርድ ልምምዱ ከተቋረጠ መድኃኒቱ ፍርሃቱን ራሱን ሊያጠናክር እንደሚችል የሚጠቁሙ ጥናቶችም አሉ። በሩ የሚያስገባው የቀረበለትን ትምህርት ነውና፣ ሕክምናው በዋናነት የሚመሠረተው በእንክብሉ ሳይሆን በባለሙያ ድጋፍ በሚካሄደው ልምምድ ላይ ነው።