የኦዲተሩ ፈቃድና የፈጣሪው መብት፦ ሁለቱ የሕዝብ መዝገቦች

በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ወረዳ አንበሳሜ ጤፍ የሚያመርት ገበሬ አለ፤ የባንክ አክሲዮን የገዛ ነጋዴም አለ። ሁለቱንም የሚነኩ፣ ርቀው የሚቀመጡ ሁለት መዝገቦች አሉ። አንዱ ሂሳብ የሚመረምረው ሰው ፈቃድ እንዳለው፣ ሌላው አንድ የፈጠራ ሥራ የማን እንደሆነ ይመሰክራል። ሁለቱም ሕዝብ እንዲያያቸው የተዘጋጁ ናቸው፤ ገልጦ የሚያያቸው ግን ጥቂት ነው።

ከሂሳቡ ልጀምር። ቀድሞ ለግል ኦዲተሮች ፈቃድ ይሰጥ የነበረው የፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ነው። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ኃላፊነቱ የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ሆኗል። ነገሩ የአዲስ አበባ ብቻ እንዳይመስለን። በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አማራ ባንክ ብቻውን ከመቶ ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖች አሉት። አብዛኞቹ የባንኩን መዝገብ አገላብጠው አያዩም፤ የሚያይላቸው የውጭ ኦዲተሩ ነው። ስለዚህ ኦዲተር ሲሾም ፈቃዱ ስለ መታደሱ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

የፈጠራው መዝገብ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን እጅ ነው፤ መነሻውም አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ፓተንት ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ባለመብቱ ፈጠራውን በአገር ውስጥ በአግባቡ እየሠራበት መሆኑን ካስረዳ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ለአነስተኛ ፈጠራ ደግሞ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት አለ፤ ለ5 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። ለአካባቢያችን ባለእጆች ይበልጥ የሚቀርበው ይኸኛው ይመስለኛል። በመዝገብ ያልሰፈረ ስም ይረሳልና፦ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ሲሠራ የአውሮጳውያኑ ባለሙያዎች ስም በጽሑፍ ቀርቷል፤ አብረዋቸው የደከሙት የአገሬው ሰዎች ስም ግን ብዙም አይታወቅም።

ፓተንት ውል ነው፦ ፈጣሪው አሠራሩን ይገልጣል፣ መንግሥት በምላሹ ለተወሰነ ጊዜ ብቸኛ መብት ይሰጠዋል። መብቱም ከተመዘገበበት አገር አይሻገርም። ውጭ አገር ተመዝግቦ እዚህ ያልተመዘገበን ማሽን የደብረ ታቦር ብረታ ብረት ቤት መግለጫውን አንብቦ ቢሠራው፣ ለአገር ውስጥ ገበያ እስከ ሆነ ድረስ፣ የፓተንት ሕግ አይከለክለውም።

አለማንበብ ምን እንደሚያስከፍል ያሳየን ጤፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ጤፍን ስለ መጠቀምና ጥቅሙን ስለ መጋራት ተዋዋለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ለጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የአውሮጳ ፓተንት ተሰጠ። ከአንኳር ነጥቦቹ አንዱ እህሉ ከታጨደ በኋላ ለሳምንታት ቆይቶ መፈጨቱ ነበር። ጤፍ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ ቆይቶ መወቃቱ ለደራ ገበሬ አዲስ ነገር ነው? ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ፤ ለአገራችን የደረሳት ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ፓተንቱ ግን ጸንቶ ቆየ። በመጨረሻ የጤፍ ምርት ይሸጥ የነበረ ሌላ የኔዘርላንድ ድርጅት በፓተንቱ ተከሰሰ፤ ተሟገተም። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በኔዘርላንድ ያለውን ፓተንት የፈጠራ ብቃት የለውም ብሎ ሻረው።

የፓተንቱ ጽሑፍ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ታትሞ ለማንም ክፍት ነበር። በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የጋፋት ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። መምህራኑና ተማሪዎቹ የፓተንት መዝገቦችን እያነበቡ ለደቡብ ጎንደር ገበሬና ባለእጅ በአማርኛ ቢያስረዱ፣ የሂሳብና ኦዲት ቦርዱም ፈቃድ ያላቸውን ኦዲተሮች ዝርዝር እስከ ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ቢያደርስ፣ ሥራው አሁኑኑ ሊጀመር የሚችል ነው።