ከተዝካር ማግስት

ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ቱም ላይ ደህና ቡና ያለው አባወራ ሲሞት በአርባኛው ቀን ግቢው ይሞላል። ኦርቶዶክስ ከሆነ ተዝካር፣ ሙስሊም ከሆነ ሰደቃ ይወጣለታል፤ ፕሮቴስታንቱም ለቅሶ ደራሽን ሳያበላ አይሰድም። ጎረቤት ይበላል፣ የእድሩ ሰው ይበላል፣ ዳር ዳሩን የተቀመጠው ነዳይም ይደርሰዋል። በሟች ስም የተራበን ማብላት ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ችግሩ ድግሱ የአንድ ቀን መሆኑ ነው። በማግስቱ ድንኳኑ ይፈርሳል፣ ነዳዩም ወደነበረበት ይመለሳል። ልጆቹ በሬ ሸጠው ወይም ተበድረው ደግሰው ከሆነ ደግሞ አንድ ችግረኛ ቤት ተጨምሯል።

ያንኑ ልግስና ከአንድ ቀን የሚያሻግር ወረቀት በሕጋችን ውስጥ ከ60 ዓመት በላይ ተቀምጧል፤ ስሙም ኑዛዜ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው፣ አንድ ሰው ከንብረቱ ላይ ለይቶ ለፈለገው ሰው ወይም ድርጅት እንዲሰጥ ይፈቅዳል። የተወሰነ ንብረት ተለይቶ ሲሰጥ ልዩ የኑዛዜ ስጦታ ይባላል፤ ለተራቡ መርጃ የሚሆነውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ሰዉ በብዛት የሚያውቀው የቃል ኑዛዜን ነው፤ በሽተኛው አልጋው ላይ ሆኖ ለሁለት ሰው የሚናገረው። ይህ ዓይነቱ ለበጎ አድራጎት አይረባም። ሕጉ በቃል ለአንድ ተቀባይ መስጠት የሚቻለውን በ500 ብር ገድቦታል። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር 200 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር፤ ዛሬ አንድ ኩንታል በቆሎ አይገዛም፤ ቁጥሩ ግን እዚያው ቆሟል። በዚያ ላይ ተናዛዡ አገግሞ ሦስት ወር ከኖረ ቃሉ ይፈርሳል።

የሚያዋጣው በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ነው፤ ቁጥር 881። ተናዛዡ ራሱ ሊጽፈው ወይም እየተናገረ ሌላ ሰው ሊጽፍለት ይችላል፤ ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬም ይጠቀምበታል። ጽሑፉ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ መነበቡ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ ቀን ይገባበታል፣ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ ወይም ጣታቸውን ያኖራሉ። ዳኛ ወይም የፍርድ ቤት ሬጅስትራር በሥራው ምስክር ከሆነ ሁለት ሰው ይበቃል። ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። አራቱም ሰምተው፣ አራቱም ፈርመው፣ «ተነብቧል» የምትለዋ መስመር ስትረሳ ወራሾች ክርክር ያገኛሉ፤ ነገሩ እስከ ሰበር ሰሚ ችሎት ደጋግሞ ደርሷል። ምስክሮቹንም መምረጥ ያሻል። ከስጦታው የሚጠቀም ሰው ምስክር ከሆነ ፍርድ ቤት ድርሻውን ሊቀንስበት ወይም ሊሽርበት ስለሚችል፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቱን ሠራተኛ በእንግድነት ጠርቶ ማስፈረም ብልህነት አይደለም። ባልና ሚስትም አንድ ወረቀት ላይ መናዘዝ አይችሉም፤ እያንዳንዳቸው ከጋራ ሀብቱ የየራሳቸውን ድርሻ ለብቻ ይጽፋሉ።

አራት ምስክር ሲባል አልፍሬድ ኖቤል ይታወሰኛል። ስዊድናዊው ባለ ዲናሚት ኑዛዜውን ያለ ጠበቃ በገዛ እጁ ጻፈና እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 1895 ፓሪስ በሚገኘው የስዊድንና የኖርዌይ ክበብ አራት ሰዎች ፊት ፈረመ። ሀብቱን ለሽልማት የሚይዘው ድርጅት ገና አልተፈጠረም ነበር፤ ዘመዶቹ ተከራከሩ፣ የመጀመሪያውም ሽልማት እስከ 1901 ቆየ። የሆነው ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2020 የሰላም ሽልማቱ ለዓለም ምግብ ፕሮግራም ተሰጠ። ኖቤል በኑዛዜው ስለ ረሃብ አንድም ቃል አልጻፈም።

የኖቤል ኑዛዜ ዓመታት የፈጀበትን ጣጣ የእኛ ገበሬ በአንድ መስመር ሊያመልጠው ይችላል፤ ተቀባዩን በስሙ በመጥራት። ሕጋችን ተጠቃሚውን ወይም ስጦታውን በበቂ ያልገለጸ ኑዛዜ ዋጋ የለውም ይላል። «ለነዳያን» ብሎ መተው ለነገረ ፈጅ በር መክፈት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተመዝግቦ የሕግ ሰውነት ያገኘ ድርጅት፣ ሙሉ ስሙና የምዝገባ ቁጥሩ፣ ከዚያም ገንዘቡ ለምን እንዲውል፦ ይህ ከተጻፈ ይበቃል። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አለ፤ ጧሪ ያጡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን የሚመግበው መቄዶንያ አለ።

ምኑን ይስጥ? ቱም ላይ ትልቁ ሀብት መሬት ነው፤ መሬት ግን በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ የገጠር ይዞታም በውርስ የሚሄደው በቤተሰብ ውስጥ ነው። ማሳን ለእርዳታ ድርጅት መናዘዝ አይሆንም። በመሬቱ ላይ ያለማው የእሱ ቢሆንም የቆመን ቡና ከመሬቱ ለይቶ ማውረስ ጠብ ይወልዳል። እኔን ቢጠይቀኝ ተለቅሞ የደረቀውን ጀንፈል፣ ከብቱን፣ የማር ቀፎውን፣ ባንክ ያለውን ብር እለው ነበር። የቡና ብር ከመኸር በኋላ ይገባል፤ የቤት ጎተራ የሚራቆተው ደግሞ በክረምት ነው። «እህል በሚረክስበት ወር ተገዝቶ በሐምሌ ይታደል» የሚል ቃል ቢጨመርበት ስጦታው ብዙ አፍ ይደርሳል።

ልጆቹን ግን ባዶ እጃቸውን አይተዋቸው። ልጅን ከውርስ መንቀል ምክንያቱ በኑዛዜው ካልተጻፈ አይጸናም። ሸሪዓ ደግሞ ለሙስሊሙ ከሲሶው በላይ እንዲናዘዝ አይፈቅድለትም፤ ሁለት ሦስተኛው የወራሾች ነው። ይህ ገደብ ለሌላውም ጥሩ ልክ ይመስለኛል።

ሞት ሲመጣ ውርስ አጣሪው በተራ ይከፍላል፦ መጀመሪያ ቀብር፣ ቀጥሎ የማጣራቱ ወጪ፣ ከዚያ ዕዳ፣ ከዚያ ቀለብ የሚገባቸው፣ በመጨረሻ ልዩ ስጦታው። ሬኔ ዳቪድ እዚህ ላይ አገሩን ጠይቆ እንደነበር ያስታውቃል፤ ሕጉ ተዝካርን በስም ጠቅሶ ከቀብር ወጪ ያስወጣዋል። ስለዚህ ተዝካሩ በዱቤ ቢደገስ ዕዳው ቀዳሚ ሆኖ ለተራቡት የተናዘዘውን ብር አይነካም፤ ደጋሹ ይሸከመዋል።

በእጅ ብቻ የሚጻፍ ኑዛዜም አለ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተናዛዡ እጅ መጻፍ፣ ቀን መያዝና በየገጹ መፈረም አለበት፤ ምስክር አያሻውም። ግን ዕድሜው ሰባት ዓመት ነው። በ2018 ዓ.ም. ጽፎ ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ያኖረው ሰው እስከ 2025 ዓ.ም. ለፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ለውልና ማስረጃ ሳያስረክበው ከቀረ ወረቀቱ ይፈርሳል፤ ጀንፈሉም ለልጆቹ ብቻ ይከፋፈላል።