አቼቶና ሶዳ፦ ሮኬት በትምህርት ቤት ሜዳ

በወላይታ ሶዶም ሆነ በቦዲቲና በአረካ ኬሚስትሪ ለምታስተምሩ፦ ሮኬት ለመሥራት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ባዶ ሃይላንድ፣ አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሶፍትና ቡሽ ይበቃል።

መጀመሪያ በብርጭቆ ቀላቅሉና ልጆቹ ይዳስሱት። ይቀዘቅዛል! ኬሚካላዊ ለውጥ ሁሉ ሙቀት ያወጣል ብሎ ለሚያስብ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የእንጀራን ዓይን የሚያወጣው ያው ጋዝ።

ከዚያ ሃይላንዱ ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር አቼቶ ጨምሩ። 5 ግራም ሶዳ በሶፍት ጠቅልላችሁ ክተቱ፣ በቡሽ ድፈኑት፣ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ በሦስት ድንጋዮች መሃል አቁሙና ቶሎ ራቁ። ከ1 ሊትር በላይ ጋዝ ይፈጠራል፤ መውጫ ሲያጣ ቡሹን ይፈነቅላል። ፈሳሹ ወደ ታች ሲወረወር ሃይላንዱ ወደ ላይ ይነሣል። በመስታወት ጠርሙስ ፈጽሞ አትሞክሩ፤ በሚጠብቅ ክዳንም አትዝጉ። ካልተነሣ ማንም ልጅ ቀርቦ አይጎንበስ።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይታችንን ከቻይና ያመጠቀው ሮኬትም በሁለት ፈሳሾች መገናኘት ነው የተነሣው፤ እነዚያ ግን ገና ሲነካኩ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላሉ።

ልጆቹ «ሶዳው ይጨመር!» ማለታቸው አይቀርም። በክፍት ብርጭቆ አሳዩአቸው፦ የአቼቶው አሲድ ካለቀ ሶዳ ቢደረብበትም አረፋ አይወጣም።