ዶውሰን፤ ወርቅ የቆረቆራት የወንዝ ዳር ከተማ

በካናዳ ሰሜናዊ ምዕራብ፣ የክሎንዳይክ ወንዝ ከታላቁ የዩኮን ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ፣ እስከ 1896 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ድረስ የአገሩ ተወላጆች ዓሣ ከሚያጠምዱበት ሰፈር በቀር ከተማ የሚባል አልነበረም። በዚያ ዓመት ከክሎንዳይክ ገባሮች በአንዱ ወርቅ መገኘቱ በተሰማ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ወደ ጅረቱ ሲሮጥ፣ ጆሴፍ ላዱ የተባለው ነጋዴ ግን በወንዞቹ መገናኛ ያለውን ረግረግ መሬት በስሙ አስመዘገበ፤ የሳንቃ መሰንጠቂያውንም ወደዚያ አዛወረ። ወርቅ ፈላጊው ለመጠለያውም ሆነ ወርቁን ለሚያጥብበት ገንዳ ሳንቃ መግዛቱ አይቀርምና ስሌቱ ትክክል ነበር። ጥቂት ዶላር ያወጣ የነበረው የቤት ቦታ ብዙም ሳይቈይ በሺህ የሚቈጠር ዋጋ አገኘ።

በ1897 ዓ.ም. ወርቅ የጫኑ መርከቦች ሳን ፍራንሲስኮና ሲያትል በደረሱ ጊዜ ሕዝቡ ተንቀሳቀሰ። የካናዳ ፖሊስ የዓመት ስንቅ ያልያዘውን መንገደኛ በተራራው በር ስለማያሳልፍ፣ የሲያትል ባለሱቆች ገዢው የወርቅ ዱቄት በዓይኑ ሳያይ ትርፋቸውን ሰበሰቡ። አብዛኛው መንገደኛ በ1898 ዓ.ም. ሲደርስ ግን መልካሙ ቦታ ሁሉ ባለቤት አግኝቶ ነበር። ብዙዎችም ያን ያህል ደክመው ያመጡትን ዱቄትና አካፋ ለመመለሻ ትኬት ሲሉ በወንዙ ዳር በርካሽ ሸጡ።

በ1899 ዓ.ም. በአላስካ፣ በኖም የባሕር ዳርቻ ወርቅ መገኘቱ ሲሰማ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ከተማዋን ለቀቁ። ላዱም በሀብቱ ብዙ ሳይደሰት በ1901 ዓ.ም. ሞተ። የዩኮን ግዛት ዋና ከተማነት በ1953 ዓ.ም. ወደ ዋይትሆርስ ተዛወረ፤ የትልቁ ኩባንያ የወርቅ መቈፈሪያ መርከቦችም በ1966 ዓ.ም. ሥራቸውን አቆሙ።